ለአባባ መቃብር ጥድ ፍለጋ፦ ከአሰላ እስከ እንጦጦ

የማኅበራችን ሴቶች «እንጦጦ ድረስ ሄደሽ መጥተሽ ዝም ትያለሽ እንዴ?» እያሉ ስለወተወቱኝ ነው ይህን የጻፍኩት። አብዛኞቻችን ከአሰላ ከወጣን አዳማ ነው መጨረሻችን፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው ወይ ልጅ የሚድር ወይ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ነው። እኔን ግን የወሰደኝ ቅናት ነው። ደብቄው ብጀምር መንገዱን ሁሉ ስለሚያበላሽብኝ እዚሁ ልናገረውና ይውጣልኝ።

አባባ ዕድሜውን በሙሉ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ሊያርፍ ሲል «ሐውልት እንዳታቆሙብኝ፤ ከግቢያችን ጥድ ዘር አንድ ችግኝ ትከሉብኝ፣ እሱ ይበቃኛል» አለ። የግቢያችን ጥድ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጣ አስፋልት ሆናለች፤ ዘሯ ግን በጠርሙስ እኔ ጋ ነበር። ታናሽ እህቴ ውድነሽም ድሮ አግብታ አዲስ አበባ ስትሄድ ከዚያችው ዛፍ ዘር ይዛ ሄዳለች። አባባ ካረፈ ወዲህ እኔ በየክረምቱ መቃብሩ ላይ እተክላለሁ። ችግኙ እስከ ጥቅምት ቆሞ ይቆይና ከጫፉ ቢጫ እያለ ይደርቃል። የውድነሽ ጥድ ደግሞ ከቤት በላይ ሆናለች፤ ፎቶዋን በስልክ ትልክልኛለች። ጎረቤቴ አንድ ቀን ያን ፎቶ አየችና «አባትሽ ታናሺቱን ነበር የሚወዱ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

አባባን ያስታመምኩት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፣ ሌሊቱን የተቀመጥኩት እኔ! እሷ ለቀብሩ መጣች፣ አልቅሳ ሄደች፤ ጥዱ ግን የሚበቅለው ለእሷ ነው። በዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤው ከዚህ ክረምት በኋላ ባዶ ሆኖ የተገኘ የመቃብር ቦታ ሁሉ በሲሚንቶ ይለበጣል አለ። አባባ ሲሚንቶ አይወድም ነበር።

አፈሩ ነው እንዳልል የእኔን ያህል ንጹህ አፈር አሰላ ውስጥ የለም። ቆራጭ ትል ካስመረረኝ ወዲህ አፈሩን ነፍቼ፣ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ፣ ከሥሩ እሳት አነድድበታለሁ። ትሉም የአረሙም ዘር ያልቃል። ዘር የማፈላውም በእሱ ነው። የመቃብራችን ቦታ ከግንባታ በመጣ ሰሌክት በሚሉት ቀይ ድንጋያማ ሙሌት ስለተደለደለ፣ ጉድጓዱን ቆፍሬ የምሞላው በዚሁ በራሴ አፈር ነው። በዚያው አፈር ጓሮ የተከልኩት ጎመን ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ «ምን አርገሽበት ነው?» ይለኛል። አፈሩ መጥፎ ቢሆን ጎመኑ ይናገር አልነበር? ስለዚህ ያለጥርጥር ውድነሽ ደህና ደህናውን ዘር መርጣ ወስዳለች ብዬ ደመደምኩ። ሄጄ በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ።

ሐሙስ

ሰኔ ነው፤ ጭላሎ ደመና ተከናንቦ አይታይም። በማለዳ ከመናኸሪያ ስነሳ አንድ ዘንቢል በሶና የገብስ ቆሎ፣ አንድ የልብስ ቦርሳ፣ አንድ ደግሞ ከዘሬ ያፈላሁት በጥቁር ፕላስቲክ ያለ የጥድ ችግኝ ይዤ ነበር። ችግኙን ያመጣሁት ከእህቴ ጥድ ጋር ጎን ለጎን አቁሜ ለማየት ነው። ኢተያ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው «ችግኝ ወደ አዲስ አበባ? ሰው ከዚያ ነው የሚያመጣ» አሉኝ። ዴራ ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ችግኜን በነጠላዬ ከለልኩት፤ አዳማ ላይ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ግማሹ አፈር ሰውዬው ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ እያልኩ ሳራግፍላቸው «ንጹህ አፈር ነው፣ አይጨነቁ» አሉኝ። ከመንገዱ ሁሉ የወደድኩት ይህን ንግግር ነው።

ከቃሊቲ መገናኛ ደረስኩ። መገናኛ ሰው ሁሉ ለታክሲ ተሰልፏል። አሰላ ውስጥ ጋሪም ባጃጅም «ወዴት ነው?» ብሎ ሰው ነው የሚጠይቀኝ፤ እዚህ የሚጠይቅ የለም። ረጅሙን ሰልፍ አይቼ ቆምኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ረዳቱ «ማዘር፣ ያችን ዛፍ ጭንሽ ላይ» አለኝ። ማዘር! ብዙ ከሄድን በኋላ «የእህቴ ሰፈር ወሰን አልደረስንም?» ብዬ ብጠይቅ ታክሲው ሙሉ ሳቀ። የተሰለፍኩት መሪ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ኖሯል።

መሪ ወረድኩ። ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ አንድ ነው፤ አሰላ ላይ ቤት በአጥሩ፣ በባሕር ዛፉ፣ በውሻው ይታወቃል፤ እዚያ ግን ሰው በምን ቤቱን እንደሚለይ እንጃ። ዝናቡም መጣ። ዳቦ ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት በጃንጥላዋ አስጠለለችኝ፣ በራሷ ስልክ ለውድነሽ ደወለችልኝ፣ እህቴ እስክትመጣ ድረስም ቆማ ዳቦዋን እየቆረሰች አጎረሰችኝ። ስሟን እንኳን ሳልጠይቅ ሄደች።

ውድነሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። «እታለም! መሪ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ብላ አቅፋ ሳቀችብኝ። ጥርሷ አሁንም ሙሉ ነው። የእኔ ከጎን ሁለቱ ወልቀዋል።

ቤታቸው ወሰን፣ ጋራውን ተደግፎ ነው። ባሏ ተሰማ ጋራዥ ይሠራል፤ ዝምተኛ ሰው ነው። መኝታ ቤታቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ ሳሎን ተኙ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር የሽምብራ አሣና ጎመን ቀረበ። ጎመኑ ከእኔ ጎመን ያንሳል፤ ሳልናገር አላለፍኩም። «ያንቺን የሚያህል የት ይገኛል፣ እታለም» አለች እህቴ፣ ምንም ሳይከፋት። ቢከፋት ይሻለኝ ነበር። ስተኛ ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ።

በግቢው ውስጥ ሰላማዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይታ ትኖራለች። የመመረቂያ ጥናቷ በዛፍ ሥር ላይ ነው አሉኝ። ችግኜን አየችና «እትዬ በላይነሽ፣ ከሥሩ ትንሽ ልቁረጥ? ቤተ ሙከራ ወስጄ ልየው» አለች። የእህቴንም ችግኝ አብራ ከወሰደች ብዬ ፈቀድኩ። የዘሩ ተንኮል የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ

ውድነሽ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተደራጅታ የምትሠራበት ችግኝ ማፍያ ከቤቷ ሽቅብ ነው። ሽቅቡ ያስተነፍሳል፤ እሷ እያወራች ትወጣለች፣ እኔ እየሰማሁ። ስንደርስ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ጥለው ተነሡ። አንዷ በርጩማ፣ አንዷ ትኩስ ሻይ፣ አንዷ ለትከሻዬ ጋቢ። «የውዴ ታላቅ እህት!» ይላሉ። አሰላ ውስጥ የውዴ እህት ተብዬ አላውቅም፤ እሷ ናት የበላይነሽ እህት የምትባለው።

ከዚያ ጥዶቹን አየሁ። በመደዳ ቆመዋል፣ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም አረንጓዴ። እርር ድብን አልኩ። ከዚያ በላይ ልገልጸው አልችልም።

ሴቶቹ አዲስ ፕላስቲክ እየሞሉ ነበር። ውድነሽ አንድ ጆንያ ፈታች፤ ውስጡ ጥቁር አፈር አለ፤ ያልተነፋ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ስንጥር የበዛበት፣ ትል የሚርመሰመስበት፣ ነጫጭ ክር መሳይ ነገር የተጠላለፈበት። ከዚህ ጉድ እየዘገነች በየፕላስቲኩ ትጨምራለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ። «አባባ ቢያይሽ ምን ይል? አፈር እንዲህ ይያዛል?» አልኳት።

«ከጥዷ ሥር ያመጣሁት ነው» አለች ቀና ሳትል።

«ዘሩስ? ከየት ያመጣሽው ዘር ነው?»

«የቤታችን ነዋ። ነገ እናት ዛፏን አሳይሻለሁ።»

ቅዳሜ

የአራት ኪሎውን መንገድ አልፈን፣ በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦ ወጣን። ሽሮ ሜዳ የተሰቀለውን ጥበብ አይቼ ልወርድ ስል ውድነሽ «ሲመለሱ» ብላ ጎተተችኝ፤ ሲመለሱም አልወረድንም። እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ወጣቱ ፈረስና ብስክሌት ላይ ነው፤ አጥሩ፣ መንገዱ፣ መቀመጫው ሁሉ የተሠራ ነው። የእኛ ጭላሎ ማንም መቀመጫ አልሠራለትም፣ ሰው ደክሞት ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከተማውን ከላይ አሳዩኝ፤ በጭጋጉ ውስጥ ብዙም አላየሁም። እኔ ከተማ ለማየት አልመጣሁም።

ከፓርኩ ወዲያ በእግር ሄደን የአንዲት ገበሬ አሮጊት ግቢ ደረስን። ውድነሽ ስታገባ እዚያ ነበር የተከራየችው። አሮጊቷ በቆሎ እሸት ሳይደርስ በመምጣታችን ተቆጥተው ባቄላ ቆልተው ሰጡን። ከአጥራቸው ሥር ጥዷ ቆማለች።

አወቅኋት። ከግንዷ ዝቅ ብላ ወደ ግራ የምትጎብጠው የእናቷ፣ የግቢያችን ጥድ መጉበጥ፣ ያው ግራጫ ሰማያዊ ፍሬ፣ ያው ሽታ። አባባ ከሥራ ሲመጣ ኮቱ ላይ የነበረ ሽታ ነው። እንባዬ መጣ። ለዘሩ የነበረኝ ጥርጣሬም እዚያው ሞተ፤ ዘሩስ የእኛው ነው።

ውድነሽ ከሥሯ ተቀምጣ ባቄላውን እየላጠች እንዲህ አለች፦ «ያኔ ልሄድ ስነሳ አባባ ዘሩን ሰጠኝና ከዚያ የወተት ጣሳ አመጣ። ከዛፏ ሥር አፈር ዝቆ ሞላበትና ‹ዘሩን ብቻውን አትዝሪው፣ ከኖረበት አፈር ጨምሪለት› አለኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ጣሳውን እስከ አዲስ አበባ ታቅፌው መጣሁ። እዚህ ያኔ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ያን አፈር ነው ጉድጓዷ ውስጥ የጨመርኩላት። አሁን ደግሞ ከእሷ ሥር እየዘገንኩ ለሌሎቹ።»

የያዝኩትን ባቄላ መሬት አስቀመጥኩ። አባባ ለእሷ ነግሯታል። ለእኔ ግን፣ አብሬው ለኖርኩት፣ በየክረምቱ ፕላስቲክ ለምሞላለት፣ አንድ ቀን አልነገረኝም። ጎረቤቴ እውነቷን ኖሯል። ተነሥቼ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ፤ ጭቃው አዳለጠኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ውድነሽ ሮጣ አነሣችኝ፣ በራሷ ነጠላ ጭቃዬን ጠረገች። እንዳትነካኝ እፈልግ ነበር፤ ግን ብቻዬን መነሣት አልቻልኩም።

ማታ ሰላማዊት ስልኳን ይዛ መጣች። «ይሄ የእርስዎ ችግኝ ሥር ነው» አለች። ሥሩ በማጉያ ሲታይ ባዶ ነው፤ ምንም የለበትም። «ይሄ ደግሞ የእትዬ ውዴ።» በዚህኛው ውስጥ በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ቀጭን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠላልፏል።

«በሽታ ነው?» አልኩ። በሽታ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ፈንገስ ነው፤ የሚረዳ ፈንገስ። ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ተዘርግቶ ውኃና ማዕድን ያመጣለታል። ጥዱ ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል።»

«ማኅበርተኞች ናቸው በይኛ።»

«በትክክል! የእርስዎ ጥድ ማኅበር የሌለው ነው። አፈሩን በእሳት ያሞቁታል ብላኛለች እትዬ ውዴ። እሳቱ የገደለው ትሉን ብቻ አይደለም። የመቃብሩም አፈር ከጥልቅ የተቆፈረ ሙሌት ስለሆነ ከጎን የሚደርስለት የለም።»

«ታዲያ ጎመኔስ? በዚያው አፈር ነው እኮ!»

ሰላማዊት ሳቀች። «ጎመን በዘሩ ነው፣ እትዬ። ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ጎመን ዘር፣ ወገኑ በሙሉ ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር አይወዳጅም። ብቻውን ይኖራል። ጥድና ወይራ ግን ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ አብረዋቸው የኖሩ ናቸው። ፓቱላ የሚባለው የፈረንጅ ጥድ ደግሞ የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ነው፤ ሥሩን ከውጭ እንደ ካልሲ የሚያለብሰውን። ከማን ጋር እንደሚኖር የሚወስንለት ዘሩ ነው፤ ያ ወዳጅ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ቦታው ነው። የእርስዎ ዘር ደህና ነው። ቦታው ነው ባዶ የሆነበት።»

ያን ሁሉ ዓመት ጎመኑን አይቼ በአፈሬ ስኮራ ኖርኩ። ጎመን ብቻውን የሚኖር መሆኑን ማን ነገረኝ?

እሁድ

ጠዋት ውድነሽ «እታለም፣ ከእኔ ችግኝ አንድ ደህና ይዘሽ ሂጂ፣ አፈሩንም ልጨምርልሽ» አለች።

«የራሴ አለኝ። ለአባባ የምተክለው የራሴን ነው» አልኩ።

ምሳ በልተን እሷና ተሰማ ወደ እድር ሲሄዱ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እውነትም ያመኝ ነበር። ግን እንደወጡ ተነሣሁና ውድነሽ ጣሪያው ሥር ያስቀመጠችውን የጥድ አፈር ጆንያ ፈታሁ። ትሉን ሳልጸየፍ በፌስታል ዘገንኩ፣ አሰርኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከቀሚሴ ሥር ቀበርኩ። ልመናውን አፌ እምቢ ስላለ ነው እጄ የሠራው። ብጠይቃት በደስታ ትሰጠኝ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ማታ ለስንቄ ዳቦ ጋግራ ቦርሳዬን ራሷ ስታስተካክልልኝ ዞር ብዬ ስኒ ማጠብ ያዝኩ። ዘግታ በር ሥር አቆመችልኝ።

ሰኞ

ቃሊቲ መናኸሪያ መግቢያ ላይ ፈታሿ ቦርሳዬን ከፈተች። ዳቦውን አወጣች፣ ቀሚሴን አነሣች፣ ፌስታሉን ያዘች።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው።»

«የምን አፈር?»

«የእንጦጦ። ለአባቴ መቃብር።»

ፊቷ ተለወጠ። ከደብር የመጣ የተባረከ እምነት መሰላት መሰለኝ፤ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ግንባሯን ቀባች። አይደለም ብዬ ላርማት አፌን ስከፍት እጇን እንደገና ወደ ቦርሳው ሰደደች። «ሁለት ነው እንዴ ያስባረኩት?» አለች።

ሁለተኛውን አወጣች። ከእኔ ፌስታል እጥፍ ይሆናል። እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሴቶቹ ችግኝ በሚያስሩበት ቀይ ገመድ በሥርዓት ታስሯል። የእኔ ተጨራምቶ ከጎኑ ሲቀመጥ አየሁት። ውድነሽ ቦርሳዬን ስታስተካክል የእኔን አግኝታለች፤ አግኝታም ሳትነካው የራሷን አጠገቡ አድርጋለች። እዚያው ፍተሻው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ። ፈታሿ «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ቦርሳውን በደንብ ዘግታ እስከ መኪናው ተሸከመችልኝ።

አዳማን፣ ዴራን፣ ኢተያን ያለፍኩት ቦርሳዬን ታቅፌ ነው። መስጠቱንም ቀደመችኝ እያልኩ።

ከተመለስኩ በኋላ

ሐምሌ ላይ ቤት የቀረውን አንዱን ችግኜን አባባ መቃብር ላይ ተከልኩ። ቆርቆሮውን ለዶሮ ቤት ሰጠሁት። ሁለቱን አፈር በአንድ ሳፋ ገልብጬ ስለደባለቅሁ የቱ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት መጣ። በየጠዋቱ ከቅዳሴ በፊት ሄጄ ጫፉን አያለሁ። አረንጓዴ ነው። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባም አረንጓዴ ነበር፤ እንዲያውም አዲስ አውጥቷል። ሲሚንቶ የሚለብጡት ሰዎች መጥተው አዩና ዙሪያውን አልፈውት ሄዱ።

ለውድነሽ ደወልኩ። «ያዘ» አልኳት።

እልል አለች። ከዚያ «እታለም፣ በየትኛው አፈር ነው የያዘው? በሰጠሁሽ ነው፣ በወሰድሽው?» አለችና በሳቅ ፈነዳች።

እኔም ሳቅሁ። ስንስቅ ቆየን። ስንጨርስ ከእንጦጦው ቅዳሜ ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። «ውዴ፣ አባባ ያን የአፈሩን ነገር ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«አንቺ መቼ ሄድሽ?» አለችኝ። «‹አፈር ያዢ› የሚባለው ለሚሄድ ሰው ነው እኮ። አንቺ አፈሩ ላይ ነበርሽ፤ ጥዷም ከጎንሽ፣ እሱም ከጎንሽ። እኔን አንድ ጣሳ አስታቅፎ ሸኘኝ፣ አንቺን ለራሱ አስቀረ። እታለም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስቀናብሽ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የማኅበራችን ሴቶች፣ ይቅር በሉኝና፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።